የመምህር አበጀ እርሳስ

የመምህር አበጀ ለቅሶ እሑድ መሆኑን የነገረኝ አንድ የፊዚክስ መምህር ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እኔ እብናት፣ መምህራን ክፍል ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርማለሁ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ተቆራርጦ በአራተኛው ነው የተሰማማነው። አስከሬናቸው ተገኘ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አልተገኘም። ሲሞቱ ያየ ሰው አለ ወይ አልሁት። እሱም የለም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ሁለት ዓመት ሊሞላ ሲል መጠበቅ ደከማቸው፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተማክረው ቁርጣቸውን ሊያውቁ ወሰኑ። የመምህሩ ፎቶ መሃል ተቀምጦ ይለቀሳል።

«ሰው ግን አይበዛም» አለኝ የፊዚክሱ መምህር። «ለምን እንደሆነ ታውቃለህ።»

አውቃለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ የመምህር አበጀ ስም ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የሰባት ተማሪዎቻቸውን ስም ለታጠቁ ሰዎች አሳልፈው ሰጡ ነው የሚባለው። የሰጡት እሳቸው አይደሉም። የሰባቱን ልጆች ስም ለይቶ፣ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎ፣ ለሚያየው ሁሉ አመቻችቶ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። እስከዚያ እሑድ ድረስ ይህን ለእናቴም አልተናገርሁም ነበር።

መምህር አበጀን ያወቅኋቸው በዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። የሒሳብ መምህርነት ስማር ቆይቼ፣ ከመመረቄ በፊት አንድ ወሰነ ትምህርት ደብረ ታቦር በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንድለማመድ ተመደብሁ። ለተለማማጅ አንድ ነባር መምህር በአማካሪነት ይሰጠዋል። አማካሪው ክፍሉን ያውስሃል፣ ከኋላ ተቀምጦ ስታስተምር ያይሃል፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ ይሰጥሃል። በመሃል ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ተቆጣጣሪ እየመጣ ቅጽ ይሞላል። ነጥቤ ከክፍሌ ሁለተኛ ነበር፤ ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሁሉ የመንገር ልማድ ነበረኝ። የመጀመሪያ ቀን የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሼ፣ አሥራ አራት ገጽ የትምህርት ዕቅድ ይዤ ሄድሁ።

ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ነጭ ጋዋናቸው አንገቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። ቀኝ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አለ። እስክሪብቶ ይዘው አይቻቸው አላውቅም፤ ተማሪዎቹ ደመወዝ ሲቀበሉም የሚፈርሙት በእርሳስ ነው እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሒሳብ የሚሠራ ሰው ለመሳሳት ቦታ መተው አለበት አሉኝ። እኔ ቁጠባ መስሎኝ ነበር።

ዕቅዴን ቆመው አሥራ አራቱንም ገጽ ገለጡት። ከዚያ «ልጆቹ የት ላይ ናቸው?» አሉኝ።

ስንት እንደሆኑ የጠየቁኝ መስሎኝ ዘጠነኛ ሐ ሃምሳ ሁለት ተማሪ እንዳለው ነገርኋቸው። ቁጥሩን እኔም አውቀዋለሁ አሉና እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው የመጀመሪያው ገጽ ጠርዝ ላይ «ስማቸውን እወቅ» ብለው ጻፉበት። የመጀመሪያው ሳምንት ሥራዬ ይኸው ሆነ። ከኋላ መቀመጥና ስም ማጥናት። ተናድጄ ነበር፤ አራት ዓመት ካልኩለስ ስሠራ ከርሜ የልጆች ስም ላጥና? ለጓደኞቼ ሽማግሌው ሒሳብ ጠፍቶባቸው ነው ብዬ አማኋቸው።

በየቀኑ ከትምህርት ቤቱ ወደ ሻይ ቤቱ ስንወርድ ይፈትኑኛል። በሩ አጠገብ ሦስተኛው ወንበር ማን ነው? እመልሳለሁ። ከኋላዋስ? እመልሳለሁ። አንድ ቀን በመስኮቱ በኩል አራተኛው ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል ሲሉኝ ባዶ ነው አልሁ። መሄዳቸውን አቆሙ።

«ባዶ አይደለም» አሉኝ። «ይታየው ይባላል።»

ከዚያ መንገድ ላይ እንደቆሙ ሌሎቹንም ነገሩኝ። ሰርካለም፣ ምንይችል፣ ደጀን፣ እንዳላማው፣ ጥላዬ፣ አሥራት። እኔ ወደ ትምህርት ቤቱ ከመሄዴ በፊት መምጣት ያቆሙ ልጆች ናቸው። የት እንደሄዱ ስጠይቃቸው ዞር ዞር ብለው አዩና «አጥናቸው» ብቻ አሉኝ። ከጉና የሚወርደው ጉም መንገዱን እየሸፈነው ስለነበር ከኋላችን የሚመጣ ሰው ቢኖርም አይታይም።

ጊዜው እንዲህ ነበር። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል። ሰው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ «እንግዲህ» ብሎ ይተወዋል። በጋሳይ በኩል ተኩስ ሲሰማ ልጆቹ መጻፍ ያቆማሉ። መምህር አበጀ ለእያንዳንዱ የስሌት መስመር «ከየት መጣ?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው፤ ያኔም ሰሌዳውን በእርሳሱ ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ጠየቁ። አንዱ «ከጋሳይ በኩል» ብሎ መለሰ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁና እኔ የጠየቅሁት ሰሌዳው ላይ ስላለው ዘጠኝ ነው አሉ። የዚያን ቀን ትምህርቱ እስከ መጨረሻው ቀጠለ።

በሁለተኛው ሳምንት ጠመኔውን ለእኔ ሰጡኝ። ርዕሱ የሁለተኛ ዲግሪ እኩልነት ነበር። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ስድስት ኤክስ ሲደመር አምስት፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። ተኝቼም የምሠራው ነገር ነው። ሰሌዳውን ሞልቼ መጨረሻው ላይ ስደርስ የማይሆን ቁጥር ወጣ። መልሱን በልቤ አውቀዋለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ከላይ ወደታች አየሁት፤ ስሕተቱ አልታይ አለኝ። አርባ አምስት ልጆች ያዩኛል።

ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ። መምህር አበጀ ናቸው፤ እንደ ተማሪ እጃቸውን አውጥተዋል።

«መምህር፣ ይቅርታ፣ እኔ አልገባኝም» አሉ። «ሁለተኛው መስመር ላይ ያለው አምስት ከየት መጣ?»

ልጆቹ ሳቁባቸው። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው አምስት ከየት እንደመጣ አልገባቸውም። እኔ ግን ሁለተኛውን መስመር አየሁት፤ አምስቱን ወደ ቀኝ ሳሻግር ምልክቱን አልቀየርሁም ነበር። አስተካከልሁት፣ መልሱም ወጣ። ስንወጣ ላመሰግናቸው ስጀምር አቋረጡኝ። አንድ ሰው መሳሳት ነበረበት አሉ። «እኔ ሸምግያለሁ፤ ቢሳቅብኝ አልጎዳም። አንተ ገና ከፊታቸው ብዙ ትቆማለህ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ወደድኋቸው። ይህን በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ቀጥሎ የማደርገውን ያደረግሁት የማልወደው ሰው ላይ አይደለምና።

የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ስለነበሩ የስም መጥሪያ ደብተሩም እሳቸው ዘንድ ነበር። ጠዋት ጠዋት ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው አቤት ይላል። የሰባቱ ልጆች ስም ሲደርስ ይጠሩና አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቃሉ። ከተማሪዎቹ አንድም «የለም» የሚል አይኖርም። ከዚያ በእርሳስ «አለ» የሚለውን ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። መጀመሪያ ያልተጠነቀቁ መሰለኝ። በኋላ ገጾቹን ወደኋላ ስገልጥ ሳምንት በሳምንት ሰባቱም አሉ።

አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «መምህር፣ እነዚህ እኮ የሉም» አልኋቸው። ስማቸው አለ አሉኝ። ደብተሩ ግን አሉ ነው የሚለው ብዬ ቀጠልሁ። ደብተሩ የሚለውን የማስብለው እኔ ነኝ አሉና የማርመው የቤት ሥራ ሰጡኝ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመሩም። እስከ ዛሬ የምወቅሳቸው በዚህ ነው። ምናልባት አላመኑኝም፤ ከሌላ ቦታ የመጣሁ፣ ማን እንደምሰማ የማይታወቅ ልጅ ነበርሁ። ምናልባት ያልነገርሁትን ማንም ጠይቆ አያወጣበትም ብለው ነው። ቢነግሩኝ ኖሮ እያልሁ ብዙ ቀን አድሬያለሁ።

አንድ ሰኞ እህታቸው ታመው ወደ ሐሙሲት ወረዱ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር፣ መቼ እንደሚዘጋ ስለማይታወቅ ቸኩለዋል። ክፍሉን ለእኔ ትተው ሲሄዱ ስም ጥራ፣ ደብተሩን ግን እኔ ስመለስ እሞላዋለሁ ብለውኛል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪው ይመጣል ተባለ። በቅጹ ላይ የተማሪ ክትትልና የመዝገብ አያያዝ የሚል መስመር አለ፤ ሌላ ትምህርት ቤት የተመደበ ጓደኛዬ በዚያ መስመር አምስት ነጥብ ተቀንሶበታል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ደብተሩን ዘረጋሁ። የክፍሉን አለቃ ልጆቹ ከመቼ ጀምሮ እንደቀሩ ጠይቄያት አላስታውስም ብላኝ ነበር፤ ዐይኔን ሳታይ ነው የመለሰችልኝ። እኔ ግን የሒሳብ ሰው ነኝ። የውጤት መዝገቡን አምጥቼ አመሳከርሁ። ዓርብ ዓርብ አጭር ፈተና አለ። ከአምስት ሳምንት በፊት በተሰጠው ላይ ሰባቱም ተፈትነዋል፤ በሚቀጥለው ላይ አንዳቸውም የሉም። ሁሉም የቀሩት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ መንገዱ መጀመሪያ በተዘጋበት ሳምንት።

ይህን ሳገኝ ደስ አለኝ። ራሴን እንደ መርማሪ ቆጠርሁት። የመምህር አበጀን እርሳስ በላጲስ አጠፋሁ፤ በማስመሪያ እየተከተልሁ በየቀኑ ፊት ቀይ ኤክስ አደረግሁ። ከገጹ ሥር ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን ማጠቃለያ ጻፍሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ ምክንያት የቀሩ፣ ሰባት። ስማቸውን በተራ ቁጥር ደረደርሁ። እጅ ጽሑፌ ያምራል ይባልልኛል።

ተቆጣጣሪው ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ። ደብተሩን ይዞ ቢሮ ገብቶ ለርዕሰ መምህሩ አሳየ፤ ሌሎች ተለማማጆችም እንዲያዩት ተብሎ እዚያው ቀረ። ጸሐፊዋ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

መምህር አበጀ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ደብተሩን ሲጠይቁኝ እየኮራሁ ነገርኋቸው። አልተቆጡም። የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ በጎን ነው የተቀመጡት።

«በእስክሪብቶ?» አሉኝ።

«በእስክሪብቶ።»

ማን ማን እንዳየው ጠየቁኝ፤ ቆጠርሁላቸው። ተነሥተው ወደ ቢሮው ሄዱ፣ እኔም ተከተልኋቸው። ተቆልፏል። ርዕሰ መምህሩ ወረዳ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ጸሐፊዋ ቁልፉን ይዛ ወጥታለች። በመስኮቱ ሲያዩ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ይታያል። መስኮቱን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት፤ ብረት አለው። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ደብተሩን ነክተኸው አታውቅም፤ ተለማማጅ ደብተር አይነካም አሉኝ። ለምን ስላቸው ገባህ ወይ ብለው ደገሙ። ገባኝ አልሁ። አልገባኝም ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመርሁት።

በዚያ ዓመት መሣሪያ የያዘ ሁሉ ስም ይፈልግ ነበር፤ አንደኛው ጫካ የሄደውን፣ ሌላው የቀረውን። የመጡት የትኞቹ እንደነበሩ አልጽፍም፤ ለመምህር አበጀ የሚጨምርላቸው ነገር የለም።

ሐሙስ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መኪና ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። እኔ ሰሌዳ ላይ ነኝ፤ መምህር አበጀ ከኋላ ተቀምጠዋል። ጠዋት ቢሮው እስኪከፈት በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ደወል ሲደወል ትተውት ወደ ክፍል ገቡ፤ ጸሐፊዋ አርፍዳ ስትመጣ መኪናውም አብሯት ደረሰ። የክፍላችን በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ደብተሩን ገልጦ ይዟል፤ ገጹን ከሩቅ አወቅሁት። የክፍሉ ኃላፊ ማን ነው አለ። መምህር አበጀ ተነሡ። ሰውየው ገጹን ወደ እኛ አዙሮ ቀዩ ጽሑፍ የማን እጅ እንደሆነ ጠየቀ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን ለራሴ ለመመስከር አይደለም የምጽፈው፤ ድምፅ አልወጣልኝም። ጠመኔው እጄ ላይ ነው። ከኋላ ወንበር እጅ ወጣ። መምህር አበጀ ልክ እንደዚያ ቀን እንደ ተማሪ እጃቸውን አውጥተዋል።

«የኔ ነው» አሉ። «ልጁ ተለማማጅ ነው፤ ደብተር አይነካም።»

ጋዋናቸውን አውልቀው አጠፉና ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። በእኔ በኩል ሲያልፉ እርሳሱን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ክፍለ ጊዜው አላለቀም፣ ጨርስ» አሉኝ። ፊታቸውን አላየሁም፤ እርሳሱን ነው ያየሁት። በሩ ተዘጋ። እኔም ወደ ሰሌዳው ዞሬ ሁለተኛውን መስመር ጻፍሁ፤ ሦስተኛውንም። ከልጆቹ አንድም የሚጽፍ አልነበረም። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ጻፍሁ።

በዚያው ሳምንት የሰባቱም ልጆች ቤት ተንኳኳ። ሁለት አባቶች ተወሰዱ፤ ከወር በኋላ ተመለሱ። አንደኛው የይታየው አባት አያ ታከለ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሯቸው አይሰማም። ቀይ ኤክስ ማን የት እንደሄደ አይናገርም። ሰርካለም ያን ሁሉ ጊዜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ላይ የታመመች እናቷን ስታስታምም ነበር፤ ስትመለስ ቤታቸው ተበርብሮ ጠበቃት፣ ወደ ትምህርትም አልተመለሰችም። ይታየው የት እንዳለ ዛሬም አይታወቅም። ከተማው ተነጋገረ፤ ስም የሰጠው መምህሩ ነው፣ እሱንም አልጠቀመውም ተባለ። እኔ ዝም አልሁ። ተለማማጅ ደብተር አይነካም ብለውኝ የለ? ትእዛዛቸውን ያከበርሁ አስመስዬ ሁለት ዓመት ኖርሁበት።

ስመረቅ የመምህር አበጀን የግምገማ ቅጽ ርዕሰ መምህሩ በፖስታ አድርገው ሰጡኝ። ረቡዕ ማታ ቤታቸው ሞልተው ኖሯል። ሁሉም መስመር ላይ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጥተውኛል። የመዝገብ አያያዝ የሚለው ፊት ግን ነጥብ የለም። በእርሳስ «ይማራል» የሚል ቃል ብቻ አለ።

እሑድ ጠዋት ደብረ ታቦር ደረስሁ። ድንኳኑ ትንሽ ነው፣ ግማሹም ባዶ ነው። መሃል ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ፎቷቸው፣ የታጠፈው ጋዋን፣ ጥቁር ጫማቸው። እትዬ የሺ በነጠላ ተሸፍነው አጠገቡ ተቀምጠዋል። አራት መምህራን፣ ጥቂት የእድር ሰዎች፣ ጥግ ላይ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች። ከድንኳኑ ውጭ፣ አጥሩ ጋ፣ አያ ታከለ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። የእድር ግዴታ አምጥቷቸዋል እንጂ ሊገቡ አልመጡም።

ተነሣሁ። ንግግር አላዘጋጀሁም። ደብተሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ ብዬ ጀመርሁ፤ ከላጲሱ እስከ ማጠቃለያው፣ ከረቡዕ እስከ ሐሙስ የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። አያ ታከለ እንዲሰሙኝ ጮክ ብዬ ነው የተናገርሁት። ከሁለቱ የማላውቃቸው ሰዎች አንደኛው ሳልጨርስ ተነሥቶ ወጣ። የፊዚክሱ መምህር እጄን ጎተተኝ፤ አልተቀመጥሁም።

ስጨርስ እትዬ የሺ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። እሳቸው በእስክሪብቶ ጽፈው እንደማያውቁ እኔ አላውቅም ብለህ ነው አሉኝ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ደክሟል።

«ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሊያጽናናኝ የመጣውን ሁሉ እጅ እጁን ሳይ ነው የኖርሁ።»

እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ይቅርታ አልጠየቅኋቸውም፤ ያሰብሁት ቃል ሁሉ ትንሽ ሆነብኝ። እሳቸውም ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ነጠላቸውን መልሰው ተከናነቡ።

አያ ታከለ ወደ ድንኳኑ አፍ ቀረብ አሉ። የሚሰማውን ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዙረዋል።

«አሁንም ታስተምራለህ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ አያ። እብናት።»

«ስም ትጠራለህ?»

«እጠራለሁ።»

«በምን ትጽፋለህ?»

ከኮት ኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ያው እርሳስ ነው፤ አጥሮ ጣት አክሏል። ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በትራቸውን ከድንኳኑ ምሰሶ አስደግፈው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡና ከፎቶው ፊት ተቀመጡ። ትንሽ ቆይቶ ከውጭ ቆመው የነበሩ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ገቡ። መምህር አበጀ የተለቀሰላቸው ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ የፊዚክሱ መምህር ወደ ኋላው እያየ፣ የወጣውን ሰውዬ አይተኸዋል ወይ አለኝ። አይቼዋለሁ አልሁት። ሰኞ ወደ እብናት ተመለስሁ።

በዚያው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ተለማማጅ ለእኔ ተመደበች፤ ለምለም ትባላለች። ጥንቁቅ ልጅ ናት፤ ዕቅዷ አሥራ ስድስት ገጽ ነው። ሁለት ቀን ከኋላ ተቀምጣ ስም ስጠራ ስታይ ቆየች። ረቡዕ ርዕሰ መምህሩ የየክፍሉን የስም ደብተር የሚያዩ ሰዎች በቅርቡ እንደሚመጡ ነገሩን። ማን እንደሆኑ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከሰዓት በኋላ ለምለም ደብተሩን ይዛ መጣች፤ በእጇ ክዳኑ የተነሣ ቀይ እስክሪብቶ አለ።

«መምህር፣ እነዚህ አራቱ እኮ የሉም» አለችኝ። «ላስተካክልልዎት?»

የቤት ሥራ ሰጥቼ ልሸኛት እችል ነበር። በሩን ዘጋሁና ተቀመጪ አልኋት። መምህር አበጀ ያልነገሩኝን ሁሉ ነገርኋት፤ የሰባቱን ልጆች ስም፣ የቀዩን ቀለም፣ ከኋላ ወንበር የወጣውን እጅ። ማን ሊሰማን እንደሚችልም ነገርኋት። ከዚህ በኋላ አላውቅም ነበር ማለት እንደማትችይ እወቂ አልኋት። ፈራች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እስክሪብቶውን አልተቀበልኋትም። ራሷ ከደነችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱ አርፍጄ ገባሁ። ስም ተጠርቶ አልቋል፤ ለምለም ሰሌዳ ላይ ናት። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። በእርሳስ ነው የተሞላው። አራቱን ጨምሮ የክፍሉ አርባ አራት ልጆች ሁሉም አሉ።